ቦርጭ ተለይቶ አይቀልጥም፦ የሰውነት ስብ ለመቀነስ የሚጣሉ እምነቶችና በምትካቸው የሚደረጉ ነገሮች

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ስድስት ወር ያህል ሆዴን በላስቲክ ጠቅልዬ እሮጥ ነበር። ወፍራሙን ላስቲክ፣ አዲስ ፍራሽ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን። በላዩ የእናቴን መቀነት አጠብቃለሁ። ከዚያ ሹራብ፣ ከዚያ ጃኬት። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ስመለስና ላስቲኩን ስፈታ ላቤ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሚዛን ላይ ስወጣ አንድ ኪሎ ተኩል ቀንሻለሁ። ደስታዬ የሚቆየው እስከ ምሳ ነው። ውሃ ጠጥቼ፣ ምሳ በልቼ ስመዘን ያው ነኝ።

ሰነፍ አልነበርኩም። እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ለፍቼ አላውቅም። ልፋቴን ያስቀረው ስለ ስብ የማምነው ነገር ነው። ስለዚህ ከታች በየደረጃው መጀመሪያ የሚጣለውን እምነት እነግራችኋለሁ፣ ቀጥዬ በምትኩ የሚደረገውን።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ሆዳችሁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የተነፋ ወይም የጠጠረ ከሆነም፣ ሳትሞክሩ የከሳችሁ ከሆነም እንዲሁ። እነዚህ የምግብ ጉዳይ ላይሆኑ ይችላሉ።

1. ስቡ የት እንደሚሄድ እወቁ

የሚጣለው እምነት፦ ላብ የቀለጠ ስብ ነው።

ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውሃ ነው፣ ከጥቂት ጨው ጋር። ላስቲክ ስትጠቀልሉ ላቡ እንዳይተን ታግዱታላችሁ። ሰውነት ስለማይቀዘቅዝ የበለጠ ያልባል። ሚዛኑ ላይ የጎደለው ውሃ ነው፤ ስትጠጡ ይመለሳል። ከልክ በላይ ሲሆን ደግሞ ራስን የሚያስት ሙቀት ያመጣል። እኔ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ዓይኔ ጨልሞብኝ ተቀምጫለሁ።

ስብ የተጠራቀመ ኃይል ነው። በቀን የምትበሉት ከምታወጡት ሲያንስ ሰውነት ከክምችቱ ያወጣል። ስቡ በደም ተጉዞ ጡንቻ፣ ልብና ጉበት ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ይነዳል። ከነደደ በኋላ የት ይሄዳል? ሻማ ነድዶ ሲያልቅ ሰሙ የት እንደሄደ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ሒሳቡን አስልተው አሳይተዋል። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲነድ 8.4 ኪሎው በትንፋሽ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ግን አይፈጥንም። መጀመሪያ ስቡ መንደድ አለበት፤ የሚነደው ደግሞ ኃይል ሲፈለግ ነው።

ይህ ከገባችሁ የማቅጠኛ ሻይም ነገር ይገባችኋል። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው። ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ምግቡ ግን ኃይሉን የሚሰጠው ከዚያ በፊት፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። ስለዚህ ያስቀምጣችኋል፣ ውሃ ትቀንሳላችሁ፣ ስቡ ይቀራል። ከዚህ የከፋም አለ። ሲቡትራሚን የሚባል የማቅጠኛ መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚያጋልጥ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን «ተፈጥሯዊ» በተባሉ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ ደጋግሞ አግኝቶታል። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ዱቄትና ክኒን አትውሰዱ። ይህን ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

2. ከሚዛን ይልቅ ሜትር ይዛችሁ ጀምሩ

የሚጣለው እምነት፦ ሚዛኑ ከቀነሰ ስብ ቀንሷል፣ ከጨመረ ስብ ጨምሯል።

ክብደት በቀን ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ መውጣት መውረዱ ጤነኛ ነገር ነው። ጨው፣ ውሃ፣ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያለ ምግብ፣ የወር አበባ ያወዛውዙታል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ የቀነሱ ሰዎች የሚደሰቱትም በአብዛኛው በውሃ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው ስኳር አለ፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ። ከላይ የመጨረሻውን የጎን አጥንት፣ ከታች የዳሌውን አጥንት አናት በጣት ፈልጉ። ሜትሩ በሁለቱ መካከል ይዙር። ሆድ ሳትስቡ፣ ትንፋሽ ካወጣችሁ በኋላ አንብቡ። ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች ቢሆን መልካም ነው። የእኔ ቁመት 162 ነው፤ ግማሹ 81 ይሆናል። የላስቲኩ ዘመን ሲያበቃ ወገቤ 91 ነበር።

ወገብ የሚለካበት ምክንያት መልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከቆዳ ሥር ያለው በእጅ የሚጨበጥ ስብ አለ። ከሆድ ዕቃ ዙሪያ፣ ከውስጥ የሚቀመጥም አለ። ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር አብልጦ የሚያያዘው የውስጡ ነው። ቀጭን መስለው ቦርጭ ያላቸው ሰዎችም አደጋው አለባቸው። ድሮ ቦርጭ የምቾት ምልክት ነበር፤ «ተመችቶታል» ይባል ነበር። ያ አነጋገር ብዙ አባቶቻችንን ሳይመረመሩ አቆይቷቸዋል።

ወገብ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ክብደት የምትለኩ ከሆነ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ገብታችሁ ስትወጡ፣ ሳትበሉ ይሁን። የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያዩ።

3. ሲት አፕ ለቦርጭ ብላችሁ አትሥሩ

የሚጣለው እምነት፦ የሠራሁት ቦታ ላይ ያለው ስብ ይቀልጣል።

ጡንቻ በላዩ የተኛውን ስብ ቀጥታ አይበላም። የሚቀበለው ከደም ነው፤ ወደ ደም ደግሞ ስብ የሚመጣው ከመላ ሰውነት ነው። ከየት ቀድሞ እንደሚቀንስ የሚወስኑት ጾታ፣ ዘርና ዕድሜ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንድ የለኩ ተመራማሪዎች ነበሩ። ራኬት የሚይዘው ክንድ ጡንቻው ተለቅ ያለ ነው። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ግን ከሌላኛው ክንድ ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ ልክ ኳስ የመታ ክንድ ያላቀለጠውን መቶ ሲት አፕ አያቀልጠውም።

ለወለዳችሁ እህቶቼ አንድ የተለየ ነገር ልንገራችሁ። በእርግዝና ጊዜ የሆድ ጡንቻ መሃሉን ይዞ ግራና ቀኝ ሊከፈት ይችላል። ከወለዱ በኋላ ካልተመለሰ ሆድ ስብ ሳይኖረውም ወጣ ብሎ ይቀራል። በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበት እጠፉ፣ ጣቶቻችሁን እምብርት ላይ አድርጋችሁ ራሳችሁን ቀና አድርጉ። መሃል ላይ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካገኛችሁ ሲት አፑን አቁማችሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠይቁ። መቀነት ማሰር ለወገብ ድጋፍ ይሰጥ ይሆናል፤ ስብ ግን አይቀንስም።

4. የዘይቱን ጀሪካን ቁጠሩ

የሚጣለው እምነት፦ የሚያወፍረው እንጀራ ነው። ሁለተኛም አለ፦ የሚረጋ ዘይት ያወፍራል፣ ፈሳሹ አያወፍርም።

እዚህ ላይ ልቆይ። የእኔን ነገር የለወጠው ይህ ስለሆነ።

ካሎሪ የምግብ ኃይል መለኪያ ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ አለው፣ ፕሮቲንም 4። ስብ 9። የሚረጋ ዘይት፣ የሱፍ ዘይት፣ የወይራ ዘይት፣ ንጥር ቅቤ፣ በካሎሪ በኩል ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለልብ የሚሻለውና የማይሻለው ይለያያል፤ የሚረጋው ለልብ አይመከርም። ለውፍረት ግን የሾርባ ማንኪያው ሁሉ ወደ 120 ካሎሪ ነው።

አሁን ይህን አድርጉ። አዲስ የ5 ሊትር ጀሪካን ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ሲያልቅ ቀኖቹን ቁጠሩ።

የእኛ ቤት፣ ልጆቹን ሳልቆጥር አራት አዋቂ ነን። ጀሪካኑ በ30 ቀን አለቀ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አምስቱ 4,600 ግራም። ለአራት ሰው፣ ለ30 ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 38 ግራም ይደርሳል። በ9 ሲባዛ 342 ካሎሪ። ማንም «ዘይት በላሁ» ሳይል፣ በየቀኑ። ወረቀቱን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። እንጀራ ቀንሼ፣ ሽሮው ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት በቀረችው እንጀራ ጠርጌ እበላ ነበር።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ በቀን 550 ካሎሪ ያህል ማጉደል ያስፈልጋል። ዘይቱን በግማሽ ብንቀንስ 170ው ከዚያው ተገኘ ማለት ነው። ማንም ሳይራብ።

እንዴት ይቀነሳል? ቁሌቱ ላይ። ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ። ድስቱን ደረቁን ጥዱ፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አስገቡ። የራሱን ውሃ ያወጣል። መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ። አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ ታገሡ፤ ቀይ ሆኖ ይፈርሳል፣ ይጣፍጣል። በርበሬውን በትንሽ ውሃ አቁላሉ። ከዚያ በኋላ ዘይት፣ በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ፣ ለአንድ ሰው አንድ። ከጀሪካኑ አፍ ቀጥታ ማንቆርቆር ይቁም። ሽንኩርትን ያለ ዘይት ማብሰል አያቶቻችን የሚያውቁት ሙያ ነው፤ አዲስ የዳይት ዘዴ ብላችሁ ለቤተሰብ አታስጨንቁበት።

ፍርፍር ላይ ተጠንቀቁ። እንጀራ ዓይኑ ሁሉ ዘይት ይጠጣል፣ ከላይ ግን አይታይም።

እንጀራው ራሱ ጠላት አይደለም። መጠኑን እወቁ፣ ከጎኑ ያለውን አብዙ። ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ዕንቁላል፣ ዓሣ ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ፕሮቲን ያጠግባል፣ ጡንቻም ይጠብቃል። ጎመንና ጥቅል ጎመን የትሪውን ግማሽ ቢይዙ ሆድ ሞልቶ ካሎሪው ያንሳል። በጋራ ትሪ የምትበሉ ከሆነ ስንት እንጀራ እንደበላችሁ አይታወቅም። ለአንድ ወር ያህል ለብቻ ሳህን ላይ ድርሻችሁን አውጡ። ሰው እንዳይከፋው ምክንያቱን አስቀድማችሁ ንገሩ።

5. ብርጭቆውን ተመልከቱ

የሚጣለው እምነት፦ ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ያቀልጣል፤ ማር አያወፍርም፤ ጁስ ጤና ነው፤ ምግብ ላይ ውሃ መጠጣት ቦርጭ ያመጣል።

ውሃ ካሎሪ የለውም፤ ምግብ ላይም ጠጡ። ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ አረንጓዴ ሻይ ከወደዳችኋቸው ጠጧቸው፣ የስቡን ሥራ ግን አይሠሩላችሁም። ባዶ ሆድ ሎሚ ጨጓራ ያለበትን ሰው ሊያቃጥለውም ይችላል። ማር በሾርባ ማንኪያ ከ60 ካሎሪ በላይ አለው። የአቮካዶ ጁስ ስኳር ተጨምሮበት አንድ ምሳ ያህላል። 330 ሚሊ ሊትር ኮካ 35 ግራም ያህል ስኳር ይዟል፣ ስምንት ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። አንድ ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሰውነት አልኮሉን ለማቃጠል ቅድሚያ ስለሚሰጥ የስቡ ተራ ይዘገያል። ከቢራው ጋር ጥብሱ ሲመጣ ደግሞ አስቡት።

በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጠጡ ከሆነ 12 ማንኪያ፣ ወደ 190 ካሎሪ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል።

6. ጾምን ከዳይት ጋር አታምታቱ

የሚጣለው እምነት፦ የጾም ምግብ አያወፍርም፤ ማታ የበሉት ሁሉ ስብ ይሆናል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋና ቅቤ የለም፣ ብዙ ሰው ግን ወፍሮ ይወጣል። እስከ 9 ሰዓት ይቆይና በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ፓስታ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ ይከተላል። በረመዳንም አፍጥር ላይ ያው ነው። ጾሙን ለነፍስ ጹሙት። ማፍረሻውን ግን በሾርባ ወይም በምስር ጀምሩ፣ ጥብሱን ከዚያ በኋላ፣ በቁጥር።

ሰዓትን በተመለከተ ስብ የሚያየው ድምሩን ነው። ማታ መብላት የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥን ፊት ያለ ቁጥር ስለምንበላ ነው።

7. ተራመዱ፣ ከባድ ነገርም አንሡ

የሚጣለው እምነት፦ ስፖርት ከሠራሁ የፈለግሁትን እበላለሁ፤ ሴት ክብደት ካነሣች ወንድ ትመስላለች፤ ጂም ከተቋረጠ ጡንቻው ስብ ይሆናል።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ሲራመድ ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ያወጣል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያህል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ሳይስተካከል መንገዱ ብቻውን አይችለውም። ያም ሆኖ ተራመዱ፤ ለልብ፣ ለስኳርና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ጥቅም በካሎሪ አይቆጠርም። ሁለት ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደረጃው በነፃ አላችሁ።

ክብደት ማንሣት የምመክረው ስትከሱ ስብ ብቻ ስለማይሄድ ነው። ጡንቻም ይሄዳል፣ ካልተጠቀማችሁበት። ሴቶች ጡንቻ የሚያገዝፈው ሆርሞን ከወንዶች በጣም ያነሰ ስለሆነ እንዲያው አይገዝፉም። ጡንቻና ስብ ደግሞ የተለያዩ ህዋሳት ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው አይለወጥም። ጂም ያቆመ ሰው የሚወፍረው አበላሉን ስለማይቀንስ ነው።

ያለቀውን የዘይት ጀሪካን አጥባችሁ ውሃ ሙሉት፤ 5 ኪሎ ሆነ። ሁለት ካላችሁ ሙሉ ጂም ነው። ይዛችሁ ከወንበር ተነሡ ተቀመጡ፣ አሥር ጊዜ። ጎንበስ ብላችሁ ወደ ሆዳችሁ ሳቡት፣ አሥር ጊዜ። ግድግዳ ላይ ተደግፋችሁ ፑሽ አፕ፣ አሥር ጊዜ። ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን።

8. ሚዛኑ ሲቆም

የሚጣለው እምነት፦ ሰውነቴ ደንግጦ ስብ መያዝ ጀመረ፣ ስለዚህ ትንሽ ብበላም አልከሳም።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣት ወንዶች ለስድስት ወር ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ እየበሉ ተጠንተዋል። ሰውነታቸው ኃይል መቆጠብ ጀመረ፣ በረዳቸው፣ ደከሙ፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። መክሳታቸው ግን ቀጠለ፤ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ይህን የምነግራችሁ እንድትራቡ አይደለም፤ ረሃብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ በእነሱ ታይቷል። ሰውነት ወጪውን ይቀንሳል፣ አይዘጋም። ስትቀሉም የሚያስፈልጋችሁ ያንሳል።

ሁለት ሳምንት ቢቆም ምንም አታድርጉ፣ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሜትሩን እዩ። ወገብም ክብደትም አንድ ወር ከቆሙ ለአንድ ሳምንት የምትበሉትን ሁሉ ጻፉ፣ ስትቀምሱ የጎረሳችሁትንና ከልጅ ሳህን የተረፈውን ጨምራችሁ። እኔ ያገኘሁት የልጆቼ ትራፊ ውስጥ ነበር።

እንቅልፋችሁንም ቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ የቺካጎ ጥናት አሥር ሰዎች ተመሳሳይ ምግብ እየበሉ ሁለት ሳምንት ለስምንት ሰዓት ተኩል፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ለአምስት ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። የቀነሱት ኪሎ ተቀራራቢ ነው። እንቅልፍ ባጡበት ጊዜ ግን ከስብ የቀነሱት ከግማሽ በታች ወረደ፤ ከጡንቻ በኩል የሄደው በዛ። ሕፃን የያዛችሁ እናቶች ይህን አንብባችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ልጁ ሲተኛ ተኙ፣ ዳይቱ ይደርሳል።

9. ለሰው የምትሰጡትን መልስ አዘጋጁ

የሚጣለው እምነት፦ የከሳ ሰው ታሟል ወይም ተቸግሯል።

ጥቂት ኪሎ እንደቀነሳችሁ «ምነው ከሳሽ? አመመሽ?» ይመጣል። በፍቅር ነው። «ሆን ብዬ ነው፣ ተመርምሬያለሁ፣ ደህና ነኝ» በቂ ነው። ዘመድ ቤት ጉርሻ ሲመጣ ተቀበሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛውንም ተቀበሉ፤ ከዚያ እናንተ አጉርሱና እጃችሁን ታጠቡ። የሁለት ጉርሻ ካሎሪ ማንንም አላወፈረም።

እናቴ ግን መልሴን አላመነችም። ስምንት ወር ቆይቼ ወገቤ 83 ሲደርስ ጠበል ይዛኝ ልትሄድ ተነሣች። መቀነቷን አውጥቼ ፊቷ አዞርኩት። በላስቲኩ ጊዜ ሁለት ዙር ሄዶ ቋጠሮው በጭንቅ ይደርስ ነበር። አሁን ሁለት ዙር ሄዶ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጨርቅ ተረፈ። ያዘችው፣ ለካችው፣ ምንም አላለችም። በማግስቱ ሽሮ ስትሠራ ከወጥ ቤት ተጣራች፤ የዘይቱን ማንኪያ የት እንዳስቀመጥኩት ልትጠይቀኝ ነበር።